እርድ፣ ማዕድና ፈትዋ፦ የዘመንና የቦታ መለወጥ በወላይታ ምድር

  

በዳሞታ ተራራ ሥር በምትገኘው በወላይታ ሶዶ ወይም በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች ቁርኣን የሚያስተምር አንድ ኡስታዝ እናስብ። በቅርቡ የሰለመ ወጣት ወደ እሱ ይመጣል። የወጣቱ አባትና እናት ክርስቲያኖች ናቸው። ለበዓል ወደ ቤት ተጠርቷል፤ አባቱ ያረደው፣ እናቱ የሠራችው ሥጋ ይቀርብለታል። እጁን ቢሰድ አዲሶቹ ወንድሞቹ «ምን በላህ?» ይሉታል፤ እጁን ቢሰበስብ እናቱ ታዝናለች፣ ልጇ ከሃይማኖቷ አልፎ ከእሷም እንደ ራቀ ትቆጥረዋለች። ወጣቱ «ሐላል ነው ወይስ ሐራም?» ሲል የሚጠይቀው አንድ ቃል ፈልጎ ነው። ኡስታዙ በአንድ ቃል መመለስ ይችላልን?

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ወጣት ፈትዋ ለመስጠት የተዘጋጀ አይደለም። ፈትዋ የሚሰጠው ጠያቂውን ያየና ሁኔታውን የመረመረ ዓሊም ነው። እኛ የምንሻው ጥያቄው በታሪክ ምን መንገድ ተጉዞ እዚህ እንደ ደረሰ ማሳየት ነው። በአገራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ብዙ ያልተነገረው ግን ከዚህ ልማድ ምን ያህሉ ከወሕይ፣ ምን ያህሉ ከፉቀሃእ ኢጅቲሃድ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ከታሪካችን ቁስል እንደ መጣ ነው። ሦስቱን ሳይለይ የሚመልስ ሰው ወይ አላህ የፈቀደውን ይከለክላል፤ ወይ ደግሞ አባቶች በምክንያት ያቆሙትን አጥር ያለ ምክንያት ያፈርሳል።

የማይለወጠውና የሚለወጠው

ፈትዋ በዘመን፣ በቦታ፣ በሁኔታ፣ በኒያና በልማድ መለወጥ ሊለወጥ ይችላል የሚለው መርሕ የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። በ751 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብኑል ቀይዪም «ኢዕላሙል ሙወቂዒን» በተሰኘው መጽሐፋቸው ለዚሁ ጉዳይ ሰፊ ምዕራፍ ሰጥተዋል። ከእሳቸው በፊት የማሊኪያው ሊቅ አል-ቀራፊይ (በ684 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት) በልማድ ላይ የቆመን ብይን፣ ልማዱ ከጠፋ በኋላ ከመጽሐፍ እየገለበጡ መስጠት ስሕተት መሆኑን አስጠንቅቀዋል። ከሌላ አገር የመጣ ጠያቂም በራሱ አገር ልማድ እንጂ በሙፍቲው አገር ልማድ እንዳይመለስለት አሳስበዋል። የዑስማኒያው መንግሥት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያወጣው «መጀለቱል አሕካም» የተባለው ሕግ ይህንኑ ሐሳብ በ39ኛው አንቀጹ መርሕ አድርጎ አስፍሮታል።

መርሑ ወሰን አለው። የሰላትና የጾም ግዴታ፣ የዝሙትና የወለድ ክልከላ፣ የወራሾች ድርሻ ዘመን የሚነካቸው አይደሉም። ለውጥ የሚመጣው ብይኑ የተንጠለጠለበት ምክንያት ወይም ልማድ ሲለወጥ ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በረሃቡ ዓመት፣ በሌባ ላይ የእጅ መቁረጥን ቅጣት ያላስፈጸሙት አንቀጹን ሽረው አይደለም፤ ረሃብ ባስገደደው ሰው ላይ የቅጣቱ መስፈርት ስላልተሟላ ነው።

ለመምህራን የቀረበ ሌላ ምሳሌ እንጥቀስ። ኢማም አቡ ሐኒፋና ሁለቱ ታላላቅ ደረሶቻቸው ቁርኣን በማስተማር ደመወዝ መቀበልን አልፈቀዱም። በዚያ ዘመን መምህራን ከበይተል ማል ድጎማ ያገኙ ነበር። ድጎማው ሲቋረጥ የኋለኞቹ የሐነፊያ ሊቃውንት፣ መምህሩ ቤተሰቡን ለመመገብ ወደ ሌላ ሥራ ቢሄድ ቁርኣን የሚያስተምር እንደሚታጣ አይተው ደመወዙን ፈቀዱ። በ1252 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብኑ ዓቢዲን ስለ ዑርፍ በጻፉት ድርሳን ይህን ጉዳይ በምሳሌነት አቅርበውታል። በሻፊዒይ መዝሀብ ይህ ደመወዝ ቀድሞውንም የተፈቀደ ነው፤ ምሳሌውን ያነሣነው የለውጡን መንገድ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። ሊቃውንቱ በመጀመሪያ ብይኑ በምን ላይ እንደቆመ ጠየቁ፤ ቀጥለው ያ ነገር አሁንም አለ ወይ አሉ።

በዚህ ርእስ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይዘወተራሉ። አንደኛው፣ ኢማም አሽ-ሻፊዒይ ከዒራቅ ወደ ግብፅ ሲሄዱ ብዙ ብይኖቻቸውን የለወጡት አገሩና ልማዱ ስለተለወጠባቸው ብቻ ነው የሚለው አባባል ነው። የመዝሀቡን መጻሕፍት የመረመረ ሰው አብዛኛው ለውጥ አዲስ ማስረጃ ከማግኘትና የቀደመውን አስተያየት በድጋሚ ከመመዘን የመጣ መሆኑን ያያል። ይህን ታሪክ አቅልሎ መጥቀስ አድማጩን «ቦታ ከቀየርን ሁሉም ይቀየራል» ወደሚል ሐሳብ ይወስደዋል።

ሁለተኛው ስሕተት የፈትዋ ለውጥ ሁልጊዜ ወደ ማቅለል ይሄዳል ብሎ ማሰብ ነው። በአገራችን ከወለድ ነጻ የባንክ አገልግሎት ባልነበረበት ዘመን ገንዘቡን ከዘረፋ ለመጠበቅ በመደበኛ ባንክ ያስቀመጠ ሙስሊም፣ ወለዱን እስካልበላ ድረስ፣ የሚያቀርበው ምክንያት ነበረው። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወለድ ነጻ ለሆነ የባንክ ሥራ መመሪያ ካወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2021ም ዘምዘም ባንክ ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን ያ ምክንያት አገልግሎቱ በሚገኝበት ቦታ ደክሟል። ችግር ያመጣው ፈቃድ ችግሩ ሲነሣ አብሮ ይነሣል። ዘመን እንዲህ አንዱን በር ሲከፍት ሌላውን ይዘጋል።

የመጽሐፉ ባለቤቶች እርድ

አሁን ወደ እርዱ እንመለስ። የሱረቱል ማኢዳህ 5ኛ አንቀጽ መጽሐፍ የተሰጣቸውን ሰዎች ምግብ ለሙእሚኖች፣ የሙእሚኖችንም ምግብ ለእነሱ ፈቅዷል። አብዛኞቹ ሙፈሲሮች እዚህ ላይ «ምግብ» የተባለው እርዳቸው መሆኑን አስረድተዋል፤ እህልና ፍሬ ከማንም ቢመጣ የተፈቀደ ነውና አንቀጹ ለእሱ ብቻ ሊወርድ አይችልም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በኸይበር አንዲት አይሁዳዊት ካቀረበችላቸው በግ መቅመሳቸው፣ በጉ የተመረዘ ሆኖ ቢገኝም፣ በዚህ ረገድ የታወቀ ማስረጃ ነው። እንግዲህ በመሠረቱ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ የተነሣው በሁለት ቅርንጫፎች ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቅርንጫፍ በእርዱ ላይ የሚጠራው ስም ነው። በዚያው ሱራ 3ኛ አንቀጽ ከአላህ ሌላ የተጠራበት እንስሳ ተከልክሏል፤ የሱረቱል አንዓም 121ኛ አንቀጽም የአላህ ስም ካልተወሳበት እንዳይበላ ያዛል። ክርስቲያኑ ሲያርድ የመሲሑን ስም ሲጠራ የተሰማ እንደሆነ አብዛኞቹ ፉቀሃእ እርዱን ከልክለዋል፤ ከታቢዒዮች ግን አላህ የሚሉትን እያወቀ ምግባቸውን ፈቅዷል በማለት የፈቀዱ ነበሩ። ምን እንዳለ ካልተሰማስ? ለዚህ በብዛት የሚጠቀሰው የዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሐዲስ ነው። በቅርቡ የሰለሙ ሰዎች የሚያመጡት ሥጋ ስሙ ይጠራበት አይጠራበት ስላልታወቀ ሰሓቦች በጠየቁ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እነሱ ራሳቸው የአላህን ስም ጠርተው እንዲበሉ መለሱላቸው። ሊቃውንቱ ከዚህ በመነሣት ያልታየን ነገር ጓዳ ገብቶ መመርመር ግዴታ አለመሆኑን ተረድተዋል።

ሁለተኛው ቅርንጫፍ ለወላይታ ይበልጥ የሚቀርበው ነው፤ «የመጽሐፉ ባለቤት» የሚባለው ማን ነው? በዚህ ላይ ልዩነቱ የጀመረው በሰሓባ ዘመን ነው። በኑ ተግሊብ የተባሉት ዓረቦች ክርስትናን ተቀብለው ነበር። ዐሊይ (ረ.ዐ.) እነዚህ ሰዎች ከክርስትና የያዙት ወይን መጠጣቱን ብቻ ነው በሚል ምክንያት እርዳቸውን አልወደዱም። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ደግሞ ራሳቸውን ከእነሱ የቆጠሩ ከእነሱ ናቸው በሚል መንገድ ፈቀዱ። አንዱ የእምነቱን ጥልቀት፣ ሌላው የተቀበሉትን ስም ተመለከቱ።

የሻፊዒይ መዝሀብ በዚህ ላይ ጠንካራ መስፈርት አስቀመጠ። ኢማም አን-ነወዊይ (በ676 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት) በ«ሚንሃጅ» እንዳስፈሩት፣ ከእስራኤል ዘር ያልሆነች ክርስቲያን ለጋብቻ የምትፈቀደው ወገኖቿ ሃይማኖቱ ከመሻሩና ከመበረዙ በፊት የገቡ መሆናቸው ሲታወቅ ነው፤ ከመሻሩ በፊት መግባታቸው ብቻ ይበቃል ያሉም አሉ። በእርድ ምዕራፍም አራጁ ጋብቻ የሚፈቀድበት ወገን መሆን እንዳለበት ተቀምጧል። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው፣ ወገኖቹ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መላክ በኋላ ክርስትናን የተቀበሉ ሰው እርድ በዚህ መዝሀብ እንደማይበላ ይረዳል። ሐነፊያዎችና ማሊኪያዎች ይህን የዘር መስፈርት አላስቀመጡም። ከሐንበሊያዎችም ኢብኑ ተይሚያህ ሚዛኑ ሰውየው ራሱ የያዘው ሃይማኖት እንጂ የአያቶቹ ታሪክ አለመሆኑን አጥብቀው ሞግተዋል። አንቀጹ የወረደው መበረዙ ከተከሰተ በኋላ መሆኑም ለዚህ ወገን ብርቱ ማስረጃ ነው።

ልማዱ ከሚንሃጅ ብቻ አልመጣም

ሚንሃጅ በአገራችን የሻፊዒይ ደረሶች ሁሉ የሚቀሩት ኪታብ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «የኢትዮጵያ ሙስሊም የክርስቲያን እርድ የማይበላው በዚህ መስፈርት ምክንያት ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ሁለት ነገሮች ግን ይህን መደምደሚያ አያስኬዱም።

አንደኛ፣ የሰሜኑ የኢትዮጵያ ክርስትና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም፣ በንጉሥ ዒዛና ዘመን የገባ ነው። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መላክ በፊት ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ሰሓቦች እ.ኤ.አ. በ615 ወደ ነጃሺ የተሰደዱትም ወደዚሁ ክርስቲያን አገር ነው። መስፈርቱን ከመሻሩ በፊት በሚለው አስተያየት ለሚወስድ ሻፊዒይ የአክሱም ወገኖች ጉዳይ ከበኑ ተግሊብ እንኳ የቀለለ ነው። ሁለተኛ፣ በወሎ ከሻፊዒይ ጎን ሐነፊያን የሚከተሉ ብዙ ናቸው፤ በሐነፊያ ደግሞ መስፈርቱ ጭራሽ የለም። ሆኖም በሰሜንም በደቡብም፣ በሻፊዒዩም በሐነፊውም ዘንድ ልማዱ አንድ ነው። ስለዚህ ከኪታቡ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን።

ያ ምክንያት በአገራችን ሥጋ የሃይማኖት ምስክር መሆኑ ነው። ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም ባርኮ ያርዳል፤ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል። ክርስቲያኑም የሙስሊሙን እርድ አይበላም። የአንዱን እርድ መብላት ወደ እሱ ወገን እንደ መግባት ይቆጠር ነበር። የዚህን ትርጉም ክብደት ለመረዳት በ1870 ዓ.ም. የተደረገውን የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ማስታወስ ይበቃል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ወሰኑ፤ ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። የዑለማኡ ምላሽ አንድ አልነበረም። ሸኽ ጦልሓ ቢን ጀዕፈርን የመሰሉት በጦር ተቋቋሙ፤ ሌሎች አገር ለቀው ተሰደዱ፤ ብዙዎች ደግሞ በላይ እሺ ብለው በልባቸው እምነታቸውን ጠበቁ። የመጨረሻዎቹ የተደገፉበት ልቡ በእምነት የረጋ ተገዳጅን የሚምረው የሱረቱን ነሕል 106ኛ አንቀጽ ነው። አንድ ፈተና፣ አንድ ቁርኣን፣ ሦስት መንገድ፤ እያንዳንዱ እንደ አቅሙና እንደ ሁኔታው።

በእንዲህ ያለው ዘመን በአደባባይ ከክርስቲያን እርድ መብላት ረሃብ ማስታገስ ብቻ ተብሎ አይታይም። ጎረቤቱ «ተወ» ብሎ ያነበዋል፤ ልጁ አባቱን አይቶ ይከተላል። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ከወደቁ በኋላ ብዙዎች በግልጽ ወደ እስልምና ሲመለሱ፣ የተመለሱበትን ድንበር የሚያሳየው ነገር አንዱ ይኸው ማዕድ ነበር። ስለዚህ አባቶች በመሠረቱ የተፈቀደውን ነገር የተቆጠቡት አንቀጹን ሳያውቁ ቀርተው አይመስለንም። ወደ ከባድ ጉዳት የሚያደርስን የተፈቀደ መንገድ መዝጋት በዑሱሉል ፊቅህ የታወቀ በር ነው፤ በዚያ በር ገብተዋል ብለን እንገምታለን።

ይህን ከሌላ አገር ምላሽ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1903 በደቡብ አፍሪካ ትራንስቫል የሚኖሩ ሙስሊሞች ለግብፅ ሙፍቲ ለሙሐመድ ዐብዱህ ጥያቄ ላኩ። በክርስቲያኖች መካከል በጥቂት ቁጥር ይኖሩ ነበር፤ ከጥያቄዎቹ አንዱም በዚያ አገር ክርስቲያኖች የሚታረድ ሥጋ ነበር። ሙፍቲው የማኢዳህን አንቀጽ መሠረት አድርገው ፈቀዱ። በካይሮ ጋዜጦች ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ ረሺድ ሪዳም በ«አል-መናር» ተከላከሉላቸው። አንዱን አንቀጽ ይዞ ካይሮ ለትራንስቫል በሩን ከፈተች፣ ወሎ ለራሷ ዘጋች። ልዩነቱ በማስረጃው ላይ አይደለም፤ መብላቱ በየአገሩ በሚሰጠው ትርጉም ላይ ነው።

ወላይታ፦ ሌላ ታሪክ፣ ሌላ ጥያቄ

ወላይታ ወደዚህ ታሪክ የገባችው ዘግይታ ነው። የራሷ ካዎዎች የነበሯት ይህች አገር በ1887 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመቻ፣ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና ከተማረኩ በኋላ፣ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ተጠቃለለች። የኦርቶዶክስ ክርስትና በሰፊው የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ደግሞ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን ወደ ወላይታ መጡ። ጣልያን ሚሲዮናውያኑን ካስወጣቸው በኋላ እንኳ የወንጌላውያኑ እምነት በአገሬው ሰዎች እጅ በፍጥነት ተስፋፋ። ዛሬ አብዛኛው የዞኑ ሕዝብ የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ተከታይ ነው። ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው፤ ከልዩ ልዩ አካባቢ ለንግድና ለሥራ የመጡና በቦታው የሰለሙ ቤተሰቦች በአንድነት ይኖራሉ።

ይህን ከላይ ካየነው የፊቅህ ልዩነት ጋር እናስተያየው። ሚንሃጅን የቀራ ኡስታዝ በአክሱም አካባቢ ቢሆን የዒዛናን ዘመን ቆጥሮ ሊያቀል ይችላል። በወላይታ ግን የብዙዎቹ ቤተሰቦች ወደ ክርስትና መግባት አያቶች የሚያስታውሱት ነገር ነው። በመዝሀቡ ደብዳቤ ከሄደ ብይኑ ወደ ክልከላ ያመራል። በኢብኑ ዐባስ፣ በሐነፊያና በኢብኑ ተይሚያህ መንገድ ከሄደ ግን የወላይታ ክርስቲያን ከአክሱም ክርስቲያን አይለይም። ሁለቱም መንገዶች የአህሉ ሱና ሊቃውንት መንገዶች ናቸው። ኡስታዙ አንዱን ሲመርጥ ሌላውን «የወሕይ ተቃራኒ» ብሎ ሊጠራ አይገባውም።

ቦታው እንደተለወጠ ሁሉ ዘመኑም ተለውጧል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው ታላቅ ሰልፍ የሙስሊሙን የእኩልነት ጥያቄ በአደባባይ አሰማ። በማግሥቱ ዓመት ዒዶቹና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ27ኛው አንቀጽ የሃይማኖት ነጻነትን አረጋገጠ። ዛሬ ሙስሊምን በሥጋ ምክንያት አስገድዶ ከሃይማኖቱ የሚያስወጣ የመንግሥት ሕግ የለም። በሌላ በኩል ሶዶ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሆናለች፤ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረትም የአስተዳደር መቀመጫው ሆናለች። ከየአቅጣጫው ተማሪና ሠራተኛ ይመጣባታል። በአንድ ማዕድ የሚገናኘው ሰው በዝቷል።

እንግዲህ አጥሩ የተሠራበት ምክንያት በከፊል ደክሟል፤ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ሥጋ አሁንም በየከተማው በልኳንዳው ደጃፍ በመስቀልና በጨረቃ ይለያል። ከክርስቲያን እርድ የበላ ሙስሊም አሁንም በሁለቱም ወገን ይታማል። ዑርፍ በሕግ አንቀጽ አይነሣም፤ ሰዎች ለድርጊቱ የሚሰጡት ትርጉም ሲለወጥ እንጂ። ስለዚህ «ዘመኑ ተለውጧልና ልማዱን ጣሉት» የሚለው እንደ «ልማዱ ሃይማኖት ነውና አትንኩት» ሁሉ የችኮላ ቃል ነው።

ከመመለስ በፊት መጠየቅ

በወላይታ ያለ ኡስታዝ አንድ ዓይነት ጠያቂ ብቻ የለውም። የመጀመሪያው በሶዶ ገበያ አጠገብ የሚኖር ነጋዴ ነው። የሙስሊም ልኳንዳ በእጁ ነው፤ መቆጠቡ ከምንም አያጎድለውም። ለእሱ የአባቶቹን ጥንቃቄ መጠበቅ ቀላልና የተመሰገነ ነው፤ ከኺላፍም ያወጣዋል። ሁለተኛው ከከተማ ርቆ በሙስሊም እጅ የታረደ ሥጋ በቀላሉ በማያገኝበት ቦታ የተመደበ ሠራተኛ ወይም ሆስፒታል የተኛ ሕመምተኛ ነው። ለእሱ ሰፊውን አስተያየት መጥቀስ ሃይማኖትን ማርከስ አይባልም፤ አላህ በሃይማኖት ችግርን እንዳላደረገብን በሱረቱል ሐጅ 78ኛ አንቀጽ ነግሮናል።

ሦስተኛው መጀመሪያ ያነሣነው ወጣት ነው። የእሱ ጥያቄ ስለ ሥጋ ብቻ አይደለም። ወላጆቹ በእምነት ቢለዩትም በመልካም እንዲኗኗራቸው ሱረቱ ሉቅማን በ15ኛው አንቀጽ አዝዞታል። በሌላ በኩል እምነቱ ገና ጨቅላ ነው፤ ማዕዱ ወደ ቀድሞው ሕይወቱ የሚስበው ገመድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኡስታዙ ቢያንስ አራት ነገር ይጠይቀው እንላለን። እርዱ ለቤተሰብ ምግብ ነው ወይስ ለአምልኮ የቀረበ? በወላይታ ለጊፋታ በዓል በሬ በጋራ ገዝቶ አርዶ መከፋፈል የቆየ ልማድ ነው፤ አንዱ ቤት እንደ ተራ ቅርጫ የሚያየውን ሌላው ከጥንት ሥርዓት ጋር ሊያያይዘው ይችላልና ሳይጠይቁ መፍረድ አይገባም። ሲታረድ የሚባለውስ ተሰምቷል? የኦርቶዶክሱና የወንጌላዊው ቤት ሥርዓት አንድ ነው ብሎ መገመት አይበቃም። ወጣቱ ቢበላ ራሱ ምን ይሰማዋል፣ የሚያዩትስ ምን ይረዳሉ? በመጨረሻም፣ ቢላዋው በእሱ እጅ ሊሆን ይችላልን?

ይህ አራተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በአገራችን ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም ጎረቤቱን ጠርቶ ማሳረዱ፣ ድስቱንም መለየቱ የተለመደ ደግነት ነው። ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዳው ይህንኑ ያደርጋል። ሁለቱ ወገኖች ያልበሉትን እርድ ይዘው እንኳ ማዕዱን ሳያፈርሱ የኖሩት በዚህ ብልሃት ነው። ወጣቱ ለአባቱ «አንዷን ዶሮ እኔ ልረድ» ብሎ ቢጠይቅ፣ ብዙው ችግር ፈትዋ ሳያስፈልገው ሊፈታ ይችላል። አባቱ እሺ ካለው እናቱ የሠራችውን ይበላል፤ ከእሷም ጋር ይቀመጣል። እሺ ካላለው ያኔ ወደ ዑለማኡ ልዩነት መሄድ ይገባል፤ የሚሄድበትም ሰው በዕድሜና በዕውቀት የበሰለ መሆን አለበት።

ከዚህ ሁሉ ለመምህራንና ለኢማሞች አንድ አደራ ይተርፋል። ስትመልሱ የምትመልሱት ቃል ከየት እንደመጣ ለጠያቂው ንገሩት። የአላህ ቃል ከሆነ የአላህ ቃል ነው በሉ፤ የመዝሀባችሁ ብይን ከሆነ የመዝሀባችን ብይን ነው፣ ሌሎች በሌላ መንገድ ሄደዋል በሉ፤ የአባቶች ጥንቃቄ ከሆነ በዚያ መከራ ዘመን ለምን እንዳስፈለገ አስረዱ። ያለ ዕውቀት ይህ ሐላል ነው፣ ይህ ሐራም ነው ማለትን ሱረቱን ነሕል በ116ኛው አንቀጽ አጥብቆ ከልክሏል። ክልከላው ያልተፈቀደውን የሚፈቅደውን ብቻ የሚመለከት የሚመስላቸው አሉ፤ የተፈቀደውን የሚከለክለውንም እኩል ይመለከታል።

የጋራ ጉዳይም የጋራ ምክር ይሻል። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1207 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለአንድ የገጠር ኡስታዝ ብቻ መተው አይገባም፤ የአካባቢውን ሁኔታ የሚያውቁ ሰዎች ቀርበው የየመዝሀቡ ዑለማእ በአንድነት ቢመክሩበት ኖሮ በየመስጊዱ የሚሰማው የተለያየ መልስ ይቀንስ ነበር። እስከዚያው ድረስ ኡስታዙ ወጣቱን ከመመለሱ በፊት አስቀምጦ ይጠይቀው፤ የእናቱንም ስም በደግ ያንሣለት። አላህ የበለጠ ዐዋቂ ነው።